ገራባው እዚያው ይቅር

ድሬዳዋ ውስጥ አድራሻ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ሳይጠየቁ መሄድ ነው የማይቻለው። ባጃጅ ላይ ወጥታችሁ «ወደ ባንክ» ብትሉ ሾፌሩ መሪውን ትቶ ወደ እናንተ ይዞራል። የትኛው ባንክ? ከዚራ ያለው ነው ሳቢያን ያለው? ልታስገቡ ነው ልታወጡ? ኤቲኤም ነው ካላችሁት ምርመራው ይጠናል። «አቦ፣ ማሽን ያለበት ነው የምትፈልገው ብር ያለበት?» ብሎ ያፋጥጣችኋል። መልሱን ሁሉ ካገኘ በኋላ ነው ሞተሩ የሚነሣው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በዚህ ይበሳጫል፤ ሊሄድ ተሳፍሮ ቃል ሊሰጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን ሾፌር አደንቀዋለሁ። ነዳጁን ከማቃጠሉ በፊት ያጣራል።

የእህቴ ልጅ እንደ ባጃጅ ሾፌር ብታስብ ኖሮ የወሩ ፓኬጅ በአንድ ከሰዓት ባላለቀ።

ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። መምህሯ የሰጣት ሥራ ከአንድ መስመር አይበልጥም፤ በድሬዳዋ ከተማ ያሉትን ፋርማሲዎች በካርታ ላይ አሳዪ የሚል ነው። ጊዜው ከምሳ በኋላ ነበር። ድሬን የማታውቁ ካላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ጎዳናውን ትረከብና ሰዉን ሁሉ ወደ ጥላ ታስገባዋለች። ወንዱ ሽርጡን ያገለድማል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀርባል፣ ቤቱ ለበርጫ ይሰናዳል። ልጅቷ ግን ቬንትሌተሩን ከኛ ነጥቃ ወደ ላፕቶፑ አዞረችው። ለሰው ሳይሆን ለማሽን የሚታዘንበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ጀርመን አገር፣ ካርልስሩኸ ከተማ፣ ጂኦፋብሪክ የሚባል ድርጅት አለ። የዓለሙን የካርታ መረጃ በየአገሩ እየቆረጠ፣ በየቀኑ እያደሰ፣ በነጻ ያስቀምጣል፤ እግዜር ይስጠው። ልጅቷ እዚያ ገብታ ኢትዮጵያ የምትል መስመር አየች፣ ተጫነች፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። እንግዲህ ለሳቢያን ፋርማሲ ብላ የጣናን ዳርቻ፣ የባሌን የእግር መንገድ፣ የሞያሌን ቤቶች፣ የባሮን መታጠፊያ አንድ በአንድ ድሬዳዋ ማስገባት ጀመረች። እኔም ፓኬጁ የጋራ መሆኑ የገባኝ ዩቲዩቤ ሲቆም ነው። ፋይሉ አላለቀም፤ ፓኬጁ ቀደመው።

«ምን እያወረድሽ ነው?»

«ፋርማሲ ነው አጎቴ።»

«የስንት አገር ፋርማሲ?»

ይቺ እንኳ ልብ ያላት ናት። የዓለሙ ሙሉ ካርታ በአንድ ፋይል ታጭቆ የሚገኝበት ቦታ አለ፤ ተጨምቆ እንኳ ከ70 ጊጋባይት በላይ ነው። እሱን ብትነካው ኖሮ የሚቀጥለው ትውልድ ፓኬጅም አብሮ ያልቅ ነበር።

እኛ ድሬዎች ማጣራትን የምንማረው ከጫት ነው። ዙርባው ይገዛል፣ ቤት ይገባል፣ ቀንበጡ ይቀነጠሳል፤ የቀረው ገራባ ምንጣፉ ላይ ተከምሮ ያመሽና ጠዋት ፍየል ይበላዋል። ክፍያው ግን የገራባውም ጭምር ነው። ነጋዴዋን «ቀንበጡን ብቻ ሽጪልኝ፣ ገራባው እዚሁ አንቺው ጋ ይቅር» ብትሏት የምትመልስላችሁን እዚህ ለመጻፍ ድፍረቱ የለኝም። የካርታ መረጃ የሚያስቀምጡት ሰዎች ግን ይህን ጥያቄ በደስታ ይቀበላሉ። ቀንበጡን ለዩና ንገሩን፤ ገራባው እዚህ ይቀራል ባዮች ናቸው። የእህቴ ልጅ ዙርባውን በሙሉ ተሸክማ የመጣችው ይህን ስላልነገሯት ነው። እኔ ልንገራችሁ።

ካርታው ኦፕን ስትሪት ማፕ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ የጀመረው ሲሆን ዛሬ ማንም ሰው ተመዝግቦ የሰፈሩን መንገድ ሊስልበት፣ የሰፈሩን ሱቅ ሊመዘግብበት ይችላል። ሆዱን ብትከፍቱት ያለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ነጥብ፣ መስመር፣ እና ሁለቱን የሚያስተሳስር ዝምድና። በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ፋርማሲውም ሥጋ ቤቱም መስጊዱም ያው ነጥብ ነበሩ። ሰው የሚያደርጋቸው ጀርባቸው ላይ የሚለጠፈው መለያ ነው፤ ባለሙያዎቹ ታግ ይሉታል። በግራ ዓይነቱ፣ በቀኝ መልሱ ይጻፋል። «አሜኒቲ = ፋርማሲ» ከተባለ ነጥቡ መድኃኒት ይሸጣል። «አሜኒቲ = ባንክ» ካለና ሥሩ «ኤቲኤም = የስ» ከተጨመረ ማሽን አለው። ብር ይኑረው አይኑረው የሚል መለያ እስካሁን አላየሁም፤ እዚህ ላይ ባጃጅ ሾፌሮቻችን ዓለምን ይቀድማሉ።

መለያ ቀልድ እንዳልሆነ የድሬ ሰው ደቻቱን አይቶ ያውቃል። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን ከዚራ፣ በሌላው መጋላ። ወንዝ ነው ይባላል። «ወተርዌይ = ሪቨር» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉት ግን ካርልስሩኸ የተቀመጠው ሰው ድልድይና ጀልባ ያስባል። እኛ የምናውቀው ደቻቱ ከዓመቱ አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ሰው እቃውን ይዞ ይሻገርበታል። ስለዚህ «ኢንተርሚተንት = የስ» የምትል ሁለተኛ መለያ ያስፈልገዋል፤ አንዳንዴ ብቻ የሚፈስ ማለት ነው። ይህቺን መለያ ረስታችሁ የሚፈሱ ወንዞችን ብትጠይቁ ደቻቱ ሲፈስ የሚውል ሆኖ ይመጣል፤ ደረቅ ነው ብላችሁ ከዝርዝሩ ብታወጡት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ማገባደጃ ሌሊት ይኸው አሸዋ ከተራራው በወረደ ጎርፍ ተሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ስለ ጎርፍ ካርታ የሚሠራ ሰው «አሁን ውሃ አለው?» ብሎ ካጣራ ደቻቱን ይጥለዋል፤ «ውሃ ይሄድበታል?» ብሎ ካጣራ ያገኘዋል። ልዩነቱ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ባቡሩም እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር ነበር ጉዞው፤ ተራራው አልወጣ ሲል በ1895 ዓ.ም. እዚሁ ግርጌው ላይ ቆመና አዲስ ሐረር ተባለች፤ ኋላ ነው ድሬዳዋ የሆነችው። ዛሬ ሁለት ሐዲድ አለን። አሮጌው በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ባለ ኤሌክትሪኩ 1,435 ሚሊሜትር። የአዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የድሮው ከዚራ መካከል። አንድ እንግዳችን ስልኩ ላይ «ባቡር ጣቢያ» ብሎ ጻፈ፣ ስልኩም ቀረብ ያለውን ሰጠው፣ ሻንጣውን እየጎተተ ከዚራ የድሮው በር ላይ ደረሰ። ጥበቃው አይቶ አዘነለት። «ጣቢያስ ጣቢያ ነው፤ የአንተ ባቡር ግን እዚህ አይመጣም» አለው። «ጌጅ = 1435» ብሎ አጣርቶ ቢሆን ኖሮ ሻይ ጠጥቶ በሰዓቱ ይደርስ ነበር። ግን እስቲ አስቡት፤ ጉዞ የሚሄድ ሰው የሐዲድ ስፋት ለክቶ ይወጣል?

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ፓኬጅ ተሞላ፤ ማን እንደሞላው አትጠይቁኝ። በዚህኛው ዙር ኦቨርፓስ የሚባለውን አሳየኋት። ሮላንድ ኦልብሪክት የሚባል ጀርመናዊ ያቆመው ነው። ሥራው ያንኑ ካርታ ይዞ ጥያቄ መጠበቅ ብቻ ነው። ኦቨርፓስ ቱርቦ በሚባለው ገጽ ገብታችሁ በግራ በኩል ጥያቄውን ትጽፋላችሁ፣ በቀኝ በኩል መልሱ ካርታ ላይ ይበተናል። ጥያቄው ሲተረጎም «በዚህ ሳጥን ውስጥ አሜኒቲያቸው ፋርማሲ የሆኑትን ነጥቦችም መስመሮችም ዝምድናዎችም ስጠኝ» ነው። ሌላ ሰዓት ካልሰጣችሁት 180 ሰከንድ ይታገሣችኋል፤ ድሬዳዋ ለሚያክል ከተማ ከበቂ በላይ ነው። የምታመጡት መረጃ ከበዛ ደግሞ ገጹ ራሱ «ይህ ብዙ ነው፣ ብሮውዘርህ ሊቆም ይችላል፣ ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እንዲህ ያለ ጨዋ ማሽን ከዚህ በፊት አላየሁም።

ልጅቷ ሳጥኑን ሠራች፣ ጥያቄውን ጻፈች፣ ተጫነችው።

«አጎቴ፣ ድሬዳዋ ውስጥ አንድም ፋርማሲ የለም።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ቀና አለ። የራስ ምታት የነበረበት አንድ ጎረምሳ ራሱን ያዘ።

ሳጥኑን አየሁት። ሳጥኑ የሚጻፈው በደቡብ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በምሥራቅ ቅደም ተከተል ነው። ድሬዳዋ በሰሜን 9.6 ዲግሪ፣ በምሥራቅ 41.86 አካባቢ ናት። አንዳንዱ ፕሮግራም ግን ምሥራቁን አስቀድሞ ሰሜኑን ያስከትላል፤ ልጅቷ ከዚያ ገልብጣ አምጥታው 41.86ን ወደ ሰሜን፣ 9.6ን ወደ ምሥራቅ አድርጋዋለች። ይህቺ የተገለበጠች ድሬዳዋ የት እንደምትወድቅ ታውቃላችሁ? ከኮርሲካ ደሴት በስተ ምሥራቅ፣ ባሕር ላይ። ኮርሲካ የፈረንሳይ ናት፤ ሐዲዱን ዘርግተው ከዚራን ያቀኑልንም ፈረንሳዮች ናቸው። ቁጥሩ የተገለበጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ያም ሆነ ይህ እዚያ ውሃ መሐል መድኃኒት የሚሸጥ ሰው የለም፤ ኦቨርፓስ ዕውነቱን ነው።

ቁጥሩ ቦታ ቦታውን ሲይዝ ነጥቦቹ መጡ። ከዚራ ላይ ፈካ ፈካ አሉ፣ ሳቢያን ላይ፣ ድል ጮራ ሆስፒታል አካባቢ። ፋይሉ ደግሞ ምን ያህል ቢሆን ጥሩ ነው? ከቲክቶክ አንድ ቪዲዮ ያንሳል። ልጅቷ እንደ ዘፋኝ እጇን ዘረጋች። ጎረምሳውም የራስ ምታቱ ለቀቀው።

ልማድ ነውና በስኬቷ ሰክራ ወደ ገበያ ዞረች። የድሬ ሰው ገበያዎቹን ቀፊራ፣ አሸዋ፣ ታይዋን ብሎ ነው የሚያውቃቸው። ሳጥኑን አጥፍታ ስሙን ብቻ ይዛ ታይዋንን ጠየቀች። እንግዲህ መገመት አያቅታችሁም። ሳጥን ከሌለ ኦቨርፓስ ዓለምን ሁሉ ነው የሚያስሰው፤ በዓለም ላይ ደግሞ የኛን ታይዋን የሚቀድም አንድ ታይዋን አለ፤ ደሴት ነው፣ ሚሊዮኖች ይኖሩበታል። «ይህ ብዙ ነው፣ ልቀጥል?» አለ ያ ጨዋ ማሽን። በዚህ ጊዜ ላፕቶፑን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

የሰፈር ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከዚራን አንዱ በላቲን በኬ ጀምሮ ይጽፈዋል፣ አንዱ በኪው፣ አንዱ በጂ። የድሬዳዋን ስም ራሱ አንዱ አንድ ቃል፣ አንዱ ሁለት ቃል ያደርገዋል፤ ኦሮምኛው ረውን አጥብቆ ሌላ ያደርገዋል፤ ሶማሊኛው ድር ዳበ ይለዋል። ማሽን ደግሞ እንደኛ «ያው ነው» ብሎ የማለፍ ጸባይ የለውም። «እኩል ይሁን» ካላችሁት ፊደል በፊደል ካልገጠመ አይነካውም፤ መጨረሻ ላይ ሰው የረሳው አንድ ባዶ ቦታ ቢኖር እንኳ ሌላ ከተማ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ስም ካመናችሁ «ይህን ይጨምር» በሉት፣ አማራጩንም ደርድሩለት። የሚሻለው ግን ኮድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ለአስተዳደር ወሰኖች በሚያወጣው መረጃ ውስጥ ድሬዳዋ ኢቲ15 ናት። ማንም ምን ብሎ ይጥራት፣ ኢቲ15 ኢቲ15 ነች።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። ኢቲ15 ብላችሁ ያጣራችሁት ከተማዋን ብቻ አይደለም፤ የገጠር ቀበሌዎቿ ሁሉ አብረው ይመጣሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ሲሆን ከዚያ ውስጥ ከተማው ውስጥ የኖረው 233,224 ነበር። ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ከተሜ አይደለም ማለት ነው። «በከተማው ለአንድ ፋርማሲ ስንት ሰው ይደርሳል?» ብሎ የሚያሰላ ተማሪ በመጀመሪያው ቁጥር ካካፈለ፣ መድኃኒት ለመግዛት ግማሽ ቀን የሚጓዘውን ገበሬ ከዚራ በረንዳ ላይ ያስቀምጠዋል። የእህቴ ልጅ ይህን ሳልነግራት አወቀችው። የቤታችን ሰው ጎበዝ ነው፤ ፓኬጅ ላይ ነው የምንደክመው።

ደስታችን የቆየው እናቷ እስክትመጣ ነው። እህቴ ካርታውን አንድ ጊዜ አየችና «የኛስ ፋርማሲ?» አለች። የኛ ፋርማሲ ማለት ልጅቷ በሕፃንነቷ የሳል ሽሮፕ የተገዛላት፣ ዱቤ የሚሰጠን፣ ባለቤቱ የቤተሰቡን በሽታ በቃሉ የሚያውቀው ነው። ነጥብ የለውም። ወደ ሳተላይት ምስሉ ቀረብ አድርገን ብናይ ጣሪያው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ካርታውም ላይ ሕንፃው ተስሏል። መለያውን ከፈትነው። የተጻፈበት «ቢልዲንግ = የስ» ብቻ ነው። ሕንፃ ነወይ? አዎን ነው። አለቀ።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሂዩማኒታሪያን ኦፕን ስትሪት ማፕ ቲም የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት አለ። በጎ ፈቃደኞቹ ካሉበት ሆነው የሳተላይት ምስል እያዩ የማያውቁትን አገር ጣሪያ ይስላሉ፤ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ከሰማይ ጣሪያ እንጂ በር አይታይም። ከበሩ በላይ ያለውን ታፔላ ለማንበብ መሬት ላይ የቆመ ሰው ያስፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ መሬት ላይ ቆሞም ሌላ ይጽፋል፤ ክሊኒክ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ሱቅ ያደርገዋል፣ ስሙን ብቻ ጽፎ ዓይነቱን ይረሳል። በዚያን ጊዜ ማጣሪያችን ፋርማሲውን አያሳልፈውም። ክፋቱ፣ አለማሳለፉን አይነግራችሁም። ባጃጅ ሾፌር «አላውቀውም» ይላል፤ ኦቨርፓስ ግን ያለውን ያህል ብቻ ይዘረግፍና ዝም ይላል፣ እናንተም ያ ሁሉ ነው ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ።

በዚህ የተነሣ ከማጣራቴ በፊት ምን ተብሎ እንደተጻፈ ማየት እወዳለሁ። የማውቃቸውን ሁለት ሦስት ፋርማሲዎች እጫናለሁ፣ ጀርባቸውን አነባለሁ፣ ከዚያ ነው ጥያቄ የምጽፈው። አንዱ ላይ «አሜኒቲ» ከሌለና «ሄልዝኬር = ፋርማሲ» ብቻ ካለ ሁለቱንም በአንድ ላይ እጠይቃለሁ። ኮድ መጻፍ የሚያስጠላችሁ ከሆነ ደግሞ ያው የበጎ ፈቃደኞቹ ድርጅት ኤክስፖርት ቱል የሚባል ገጽ አለው፤ አካባቢውን ትከብባላችሁ፣ ጤና፣ መንገድ፣ ውሃ እያላችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ የፋይሉን ዓይነት ትመርጣላችሁ፣ ሲያልቅ ኢሜይል ይመጣላችኋል። ለበርጫ ሰዓት የተሠራ ነው የሚመስለው። በዋናው የካርታው ገጽ ላይ ያለውን የኤክስፖርት ቁልፍ ግን አትድከሙበት፤ በአንድ ጊዜ ከ50,000 ነጥብ በላይ አይሰጥም፣ ደግሞም ያለ ማጣሪያ ነው።

አሁን ደግሞ የጣሪያ ነገር ከተነሣ ያሳለፍኩትን ላውጋችሁ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2021 ኦፕን ቢልዲንግስ የተባለ መረጃ አወጣ። የአፍሪካን ሕንፃዎች ማሽን ራሱ ከሳተላይት ምስል እያየ የለቀማቸው ናቸው። እያንዳንዱ ሕንፃ ሥር ስፋቱ በካሬ ሜትር ተጽፏል፤ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ቁጥር አለ፣ ማሽኑ «ይህ ሕንፃ ለመሆኑ እንዲህ ያህል እተማመናለሁ» የሚልበት። ከ0.65 በታች የሆነውን ራሳቸው ጥለውታል። ጎግል ኧርዝ ኤንጅን ላይ ገብታችሁ «ከ0.75 በላይ የሆኑትን፣ ከ20 ካሬ በላይ የሆኑትን ብቻ» ብላችሁ ከማውረዳችሁ በፊት ማጣራት ትችላላችሁ። ሰው ሁሉ ከፍ ያለውን ይመርጣል፤ እርግጡን የሚጠላ የለም።

ሰፈራችንን እንዲሁ አጣራን። ከዚራ በኩል ጎዳናው ቀጥ ያለ ነው፤ ቤቶቹ ግን ዛፍ ሥር ተደብቀዋል፣ ማሽኑ ግማሽ ጣሪያ እያየ ይጠራጠራል። መጋላ በኩል ቆርቆሮው ከቆርቆሮ ተነካክቶ የማን የማን እንደሆነ ከላይ አይለይም። መሐል ላይ የጎረቤታችን የእማማ ቤት ጠፋች። ዝቅ አድርገን ስናይ ተገኘች፤ ቁጥሯ 0.70 አይሞላም። ልጅቷ አፏ አያርፍም፣ ሄዳ ነገረቻቸው። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«ልጄ፣ ቤቴን ቤት አይደለም ያለው ማነው?»

«ማሽን ነው እማማ። አይደለም አላለም፣ ተጠራጠረ እንጂ።»

«በመቶ ስንት ይሆናል ነው የሚለው?»

«ሰባ አይሞላም።»

ቁጭ አሉ። ሆጃ ቀረበላቸው፣ አልነኩትም። «የቤት ግብር ስከፍል መቶ በመቶ ነው የሚቀበሉኝ» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ስድስት ልጅ ያሳደጉበት ቤት ነው። «በላ ጻፍለት፤ ማዕድ ቤቱንም ቆጥሮ እንደሆነ ጠይቅልኝ» ብለው ሆጃቸውን አነሡ። ማዕድ ቤቱ ከ20 ካሬ ስለሚያንስ በእኛው ማጣሪያ ወጥቷል፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም።

ከፍ ያለ ቁጥር የመረጠ ሁሉ ትክክለኛ ካርታ ያገኘ ይመስለዋል። ያገኘው ከላይ ደህና ሆኖ የሚታየውን ሰው ካርታ ነው። ዛፍ የሌለበት፣ ከጎረቤት ያልተነካካ፣ ሰፊ ጣሪያ ያለው ያልፋል፤ ገንደ ቆሬ ላይ በአንድ ግድግዳ የተደጋገፉት ይቀራሉ። ለክትባት ወይም ለጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቤት የሚቆጥር ሰው ደግሞ በተለይ የሚፈልገው የቀሩትን ነው። እኔ ብሆን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ዝቅ ያለውንም ቁጥር አወርዳለሁ፤ የማይሆን ነገር ገብቶ ቢቆጠር ይሻላል፣ ማሽኑ የተተከለ ድንኳንን ቤት ቢለው ማን ይጎዳል? የቱሪስት ካርታ ከሆነ ግን 0.75ን ብትይዙ አልቀየማችሁም።

የእህቴ ልጅ ሥራዋን አስረከበች። ያስረከበችው ግን የኛን ፋርማሲ ራሷ ሄዳ በር ላይ ቆማ ካርታው ላይ አስገብታ ነው። ኤቭሪ ዶር የሚባል አፕ አለ፤ በአንድሮይድም በአይፎንም ይሠራል፣ በነጻ ነው። ስሙን በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ለየብቻ መጻፍ ይቻላል። ባለቤቱ መጀመሪያ የግብር ሰው መስላው ሁለት ጊዜ ዘግቶባታል፤ ኋላ ሲገባው «አብሽር፣ ጻፊ» ብሏት ወንበር አወጣላት።

ስለዚህ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ፣ ከለገሃሬ እስከ መልካ ጀብዱ ፋርማሲ፣ ክሊኒክ፣ ላቦራቶሪ ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ስልካችሁን አውጡና ካርታው ላይ ራሳችሁን ፈልጉ። ካላችሁ መለያችሁን አንብቡ፤ ከሌላችሁ ዓይነታችሁን፣ ስማችሁን፣ የሥራ ሰዓታችሁን አስገቡ። በተለይ ሌሊት የምትሠሩ ሰዓቱን አትርሱ። ሰዓቱ ያልተጻፈለት ፋርማሲ በሩ ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ ቢያድርም «አሁን ክፍት የሆነውን አሳየኝ» ብሎ ለሚያጣራ ሰው አይወጣለትም።